በኔትወርክ ስዊች ውስጥ ስላለው ቅድሚያና ተራ

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስልኩ ድምፅ፥ የሒሳብ ክፍሉ መዝገብ፥ ሌሊት ሊደረግ ሲገባው በቀን የተጀመረውም ከባድ የፋይል ቅጅ በአንድ ኬብል ሲተላለፉ፥ ሁሉም ዕሩያን ሆነው በመጡበት ተራ ይሂዱ ማለት የቀና ፍርድ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ፍርድ ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳው ድምፅ ነው። የስልክ ድምፅ በተለመደው አሠራር በየ20 ሚሊሴኮንዱ እየተከፈለ በሴኮንድ 50 ታናናሽ ፓኬቶች ሆኖ ይላካልና፥ አንዱ ፓኬት ከጊዜው አልፎ ቢደርስ ተቀባዩ ስልክ ሊያሰማው ስለማይችል ይጥለዋል፤ ፋይል ግን ቢዘገይ ይታገሡታል፥ ከፊሉ ቢጠፋም እንደ ገና ተልኮ ምሉዕ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም ንግግር የሚመክረው መዘግየት ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሴኮንድ የማይበልጥ ነው፤ በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቢት በሚያሳልፍ መሥመር ላይ ደግሞ አንድ ባለ1500 ባይት ፓኬት ለመውጣት 1.2 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታልና፥ ከድምፁ ፊት መቶ እንዲህ ያሉ ፓኬቶች ቢሰለፉ ከተፈቀደው ጊዜ 120ው በአንድ ፖርት ደጃፍ ላይ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1998 አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ሥርዓት፥ በፓኬቱ ራስጌ 3 ቢት ለመዓርግ ተለይተው ከ0 እስከ 7 ስምንት መዓርጋት ተደነገጉ፤ የሚያስገርመው ግን 0 ለተራው ጭነት የተሰጠ ሲሆን፥ ከእርሱ በታች የሚቀመጠው፥ ቦታ ሲተርፍ ብቻ ይሂድ የተባለው፥ 1 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የኢንተርኔት መሐንዲሶች በበኩላቸው ዲ ኤስ ሲ ፒ የሚባል ባለ6 ቢት ማኅተም አወጡ፤ ከ64ቱ ቁጥሮች ድምፅ በልማድ የሚይዘው 46ን ነው፤ የዚህም ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 3 ቢቶች ከስምንቱ መዓርጋት 5ን ስለሚያስገኙ ሁለቱ ማኅተሞች ሳይጋጩ ይኖራሉ።

ማኔጅድ የሚባለውን፥ ማለት ትእዛዝ የሚቀበለውን ስዊች የሚያስተዳድር ሰው እንግዲህ እያንዳንዱን ማኅተም ከአንድ ወረፋ ጋር ያዛምዳል፤ ብዙዎቹ ስዊቾች ለአንድ ፖርት 4 ወይም 8 ወረፋ አላቸው። የላይኛው ወረፋ ባዶ ሳይሆን የታችኛው አይነካ የሚለው ፍጹም ቅድሚያ ለድምፅ ይስማማዋል፤ ነገር ግን ወሰን ካልተበጀለት የታችኞቹ ተራ ሳይደርሳቸው ይቀራሉና፥ ድምፅን በፍጹም ቅድሚያ አስቀምጦ በመጠን መገደብ፥ የቀሩትንም ለሒሳቡ 3 ለፋይሉ 1 እያሉ በየክብደታቸው በዙር ማሳለፍ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ማኅተሙን ማን ይምታው የሚለው ጥያቄ ነው። በጥንቱ የግብር አዳራሽ አጋፋሪው፥ እንግዳው ደጃዝማች ነኝ ስላለ ብቻ ከላይ እንደማያስቀምጠው፥ ስዊቹም ከማንኛውም ኮምፒዩተር የመጣውን መዓርግ ሊያምን አይገባውም፤ አንድ ተንኰለኛ ፕሮግራም ራሱን 46 ብሎ ቢመጣ ከድምፅ ጋር እኩል ይሰለፋልና። ስለዚህ የስልኩን ፖርት እመን ይሉታል፥ በሌሎቹ ፖርቶች የሚገባው ማኅተም ግን ተፍቆ 0 ይጻፍበታል፤ የሒሳቡን መልእክት ስዊቹ ራሱ በአድራሻው ለይቶ መዓርጉን ይሰጠዋል።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው መሥመሩ ይፈጥናል ብሎ እንዳይጠብቅ፤ ቅድሚያ መጠበቅን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ አንዲት ቢት አይጨምርም፤ መሥመሩም ካልተጨናነቀ ወረፋ ስለሌለ ሥርዓቱ ሥራ ፈት ነው። ፍሬውን ለማየት በየወረፋው የተጣሉትን ፓኬቶች ቁጥር ከስዊቹ መዝገብ ማንበብ ይገባል፤ የድምፁ ወረፋ ምንም ሳይጥል ንግግሩ አሁንም የሚቆራረጥ ከሆነ፥ በመንገዱ ካሉት ስዊቾች አንዱ ማኅተሙን ሳያምን ፍቆት ይሆናልና፥ ፍለጋው ከስልኩ ተነሥቶ ስዊች በስዊች እስከ ራውተሩ ይቀጥላል።