መግሉን አውጥታችሁ ናሙናውን አትጣሉት!

ከኦፕራሲዮን ክፍል እንደወጣሁ ነው የምጽፈው። እዚህ ልደታ የመጣችልን እናት አንድ ጡቷ ላይ ብቻ አራት የተበጣበት ጠባሳ አላት። የተበጣችው በተለያዩ ጤና ተቋማት ነው፤ ናሙናዋን ወደ ምርመራ የላከ ግን አንድም የለም። መግሉ ወጣ፣ ጎዝ ገባበት፣ ሴፍትሪአክሶን ታዘዘ፣ «ይሻልሻል» ተባለች። እንደገና አበጠ። በመሀሉ «የጡት እባጭ በነጭ ሽንኩርት ይጠፋል» የሚል የቴሌግራም ጽሑፍ አምና ወራት አባከነች። ስለዚህ በተራ በተራ ልናገር።

1. የምታጠባ እናት መግል፦ ብዙውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ዛሬ ሕክምናው የሚጀመረው በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ በመቅዳት ነው፤ መግሉ እስኪያልቅ በየጥቂት ቀኑ ይደገማል፣ አንቲባዮቲክም ይሰጣል። የሚበጣው ቆዳው ሲሳሳ ወይም ሲሞት፣ መግሉም በጣም ሲበዛ ነው። ልጁ መጥባቱን ይቀጥል! «ጡት አስጥይው» የምትሉ፣ ወተቱ ሲታቆር በሽታው እንደሚብስ እወቁ።

2. ሳታጠባ በጡት ጫፍ ዙሪያ የሚመላለስ እባጭ፦ ይሄ ሌላ በሽታ ነው። ከጫፉ ሥር ያለው የወተት ቱቦ ይደፈናል፣ ይቆጣል፣ በጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ይፈሳል። ዙስካ የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1951 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። ሲጋራ ከሚያጨሱ ሴቶች ጋር በጣም የተያያዘ ነው። የታመመው ቱቦ እዚያው እስካለ ድረስ መቶ ጊዜ ቢበጣ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው ቁጣው ከበረደ በኋላ ቱቦውን ከሚፈስበት ቀዳዳ (ፊስቱላ) ጋር እስከ ጡት ጫፉ ድረስ ማውጣት ነው።

3. ግራኑሎማተስ ማስታይቲስ፦ ወልደው ጥቂት ዓመት የሆናቸውን ወጣት እናቶች ይይዛል። ጠንካራ እብጠት ነው፣ እዚህም እዚያም ይፈነዳል፣ ካንሰርም ይመስላል። እዚህ ላይ በቢላ መቸኮል የማይደርቅ ቁስል ያተርፋል። ብዙዎቹ በስቴሮይድ ይታከማሉ፤ ነገር ግን ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ቲቢ አለመሆኑ መታወቅ አለበት።

ንዴቴም ያለው እዚህ ላይ ነው። የምንኖረው ቲቢ በበዛበት አገር ነው። የጡት ቲቢን እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር በ1829 እ.ኤ.አ. ገልጾታል፤ አዲስ ግኝት አይደለም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከግራኑሎማተስ ማስታይቲስ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፣ መግሉን ብቻ ቀብቶ ማየትም ብዙ ጊዜ ባክቴሪያውን አያገኘውም። ስለዚህ ከእባጩ ግድግዳ ሥጋ መወሰድ አለበት። ግማሹ በፎርማሊን ለፓቶሎጂ ይሂድ፤ ግማሹ ያለ ፎርማሊን ለጂን ኤክስፐርት የቲቢ ምርመራና ለካልቸር ይላክ። ሁሉንም ፎርማሊን ውስጥ ከከተታችሁት ካልቸሩ ምንም አያበቅልም። ለቲቢ ታማሚ ስቴሮይድ መስጠት ደግሞ በሽታውን ማሰራጨት ነው። ቲቢ ከሆነ የሚያስፈልጋት የ6 ወር መድኃኒት ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። ለዚህ ነው ሴቲቱ በቢላ የምትሰቃየው?

ካንሰርም አለ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ነው፤ አንዱ ዓይነቱ ቀልቶና አብጦ ኢንፌክሽን መስሎ ይመጣል። አንቲባዮቲክ ተሰጥቶ በአንድ በሁለት ሳምንት ካልሻላት ሌላ አንቲባዮቲክ መቀየር ሳይሆን ናሙና መውሰድ ነው የሚገባው።

«ፎርማሊን አልቋል»፣ «ፎርም የለም»፣ «ውጤቱ ይዘገያል» ይሉኛል። ጥቁር አንበሳ እኮ ያለው እዚሁ ልደታ ክፍለ ከተማ ነው! ከፓቶሎጂ እንርቃለን የሚል ሐኪም በሩቅ ወረዳ ቢሆን እረዳዋለሁ፣ እዚህ ግን ሰበቡን አልቀበልም። ሪፈር ወረቀቱም «የጡት መግል» ይላል፣ አለቀ። ስንት ጊዜ ተበጣ? ምን መድኃኒት ወሰደች? መቼ ወለደች? ባዶ ነው። ታማሚዋ በየተቋሙ ከዜሮ ትጀምራለች፤ የዘገየ ውጤት ሲመጣም ደውሎ የሚነግራት የለም። ስልኳ ካርዱ ላይ ተጽፎ እያለ!

እህቶቼ፣ ጡታችሁ ሲበጣ «ናሙናው የት ተላከ?» ብላችሁ ጠይቁ። የውጤቱን ወረቀት ራሳችሁ ያዙ፤ ሌላ ቦታ ስትሄዱ አሳዩት። ባልደረቦቼ፣ ተመልሶ ያበጠ ጡት ስትከፍቱ ሁለቱን ብልቃጥ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።