ዕድሜን ማን ይቆጥራል? የሕፃናት ልደት፣ ሁለት የዘመን አቆጣጠሮችና የከተማ ቤተሰብ



የዛሬው ርእሴ ለዚህ መድረክ የቀለለ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ሕፃናት ልደት ነው፤ ስለ ኬኩ፣ ስለ ሻማውና ስለ ፊኛው። ይሁን እንጂ ልደት ማክበር የአንድን ልጅ ዕድሜ በየዓመቱ በሰው ፊት መቁጠር ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ እንዲህ የሚል ነው፦ በእኛ አገር የልጅን ዕድሜ የሚቆጥረው ማን ነበር? ዛሬስ ማን ነው?

መወለድ በእኛ ዘንድ ያለ በዓል ቀርቶ አያውቅም። ለአራስ ገንፎ ይገነፋል፤ ጎረቤት እልል ይላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ በሙስሊሙ ዘንድ በሰባተኛው ቀን የዐቂቃ እርድ አለ። ያልተለመደው ነገር ቀኑ በየዓመቱ ተመልሶ መከበሩ ነው። በየዓመቱ የሚከበር ልደት የነበራቸው ሌሎች ናቸው፦ ገና የክርስቶስ ልደት ነው፣ ግንቦት 1 የእመቤታችን፣ መውሊድ የነቢዩ ሙሐመድ። (ልደትና መውሊድ ከአንድ ሴማዊ ሥር የወጡ ቃላት መሆናቸውን በቅንፍ ላስታውስ።) በንጉሡ ዘመንም ሐምሌ 16 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን በመሆኑ በአገር ደረጃ ይከበር ነበር። በግንቦት ልደታ ንፍሮው የሚቀርበው ደጅ ላይ ነው፤ የሰፈሩ ሰው በአንድነት ተቀምጦ ይበላዋል እንጂ አንድ ቤተሰብ በሩን ዘግቶ አያከብረውም። እንግዲህ ብዙዎች ተሰብስበው የአንዲትን ልደት ያከብሩ ነበር። የአንድ ተራ ሕፃን ልደት በየዓመቱ ድግስ ሊደገስለት ይገባል የሚለው አሳብ የከተማ፣ የትምህርት ቤትና የፎቶግራፍ ልጅ ነው።

ታዲያ ዕድሜ በምን ይቆጠር ነበር? ቀኑ በታቦት፣ ዓመቱ በታሪክ ይታሰብ ነበር። እናቴ የተወለደችበትን ቀን አሳምራ ታውቃለች፤ የሐምሌ ሥላሴ ማግስት ነው። ዓመቱን ስትጠየቅ ግን «ጣሊያን በወጣ በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ክረምት» ትላለች። ይህን ብዙ ጊዜ «ዕድሜን አለማወቅ» ብለን እናልፈዋለን፤ እኔ በዚህ አልስማማም። እናቴ ምስክር ያለው ቀን አላት፤ የጎደላት ቅጹ የሚፈልገው ቁጥር ብቻ ነው። ቋንቋችንም ዕድሜን እንደ መስፈሪያ ያያል፦ ልጅ ስድስት ዓመት «ይሞላዋል»፣ ሰባተኛውን «ይይዛል»። መስፈሪያው ሲሞላ የሚመሰክረው ደግሞ ጎረቤት፣ የክርስትና አባት፣ አብሮ የተወለደ የሰው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዘመኑ ልምጣ። የታናሽ ወንድሜ ሁለት ልጆች የተወለዱት በኅዳር ነው፤ ትልቋ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ትንሹ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.። በያዝነው 2018 ዓ.ም. እርሷ ስድስት፣ እርሱ ሦስት ሞላቸው። የእርሷ ልደት ረቡዕ ዋለ፤ ረቡዕ ደግሞ የጾም ቀን ነው፣ የሥራም ቀን ነው። የእርሱ ልደት ኅዳር 15 በሚገባው በጾመ ነቢያት ውስጥ ወደቀ። የጾም ኬክ መኖሩን አውቃለሁ፤ ስለ ጣዕሙ ግን ሕፃናቱ ራሳቸው ቢመሰክሩ ይሻላል። ስለዚህ ሁለቱም ልደቶች ለጾሙ ቅበላ ወደሆኑት ቅዳሜና እሑድ፣ ወደ ኅዳር 13 እና 14 ተገፉ። ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ስለነበረ ቤተሰቡ ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ሲቀበልና ሲሸኝ ከረመ። ቅዳሜ የእርሷ የክፍል ጓደኞች መጡ፤ እሑድ ዘመድና ጎረቤት። ፈንዲሻው፣ ለስላሳው፣ ቡናው ሁሉ እጥፍ ሆነ።

ከኬኩ በፊት ድፎ ዳቦ ቀረበ። እናቴ ባረከችው፣ «እደጉ፣ ተመንደጉ» ብላ መረቀች፣ ቆረሰች። ከዚያ በኋላ ሻማው ተለኮሰ፤ ልጅቷ እፍ ብላ ስታጠፋው ግን እናቴ ፊቷን ቋጥራ «ሻማ ለልደት ይበራል እንጂ እንዴት ይጠፋል?» አለች። ወጣቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ንግግሯን በማስታወሻዬ አሰፈርሁት፤ ምክንያቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሥርዓቶች ጎን ለጎን መቆማቸውን ከእርሷ በላይ ያስተዋለ አልነበረም። ባዕዱ ልማድ ነባሩን አላባረረውም፤ ከዳቦው ቀጥሎ ተራ ይዞ ገባ።

የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ልጅቷ የተወለደችበት ኅዳር 10 ቀን 2012 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 2019 ነበር። ከዚያ በፊት ባበቃው 2011 ዓ.ም.፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበራት የ2012 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ። በሌሎቹ ዓመታት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ኅዳር 10 ደግሞ ኖቬምበር 19 ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ዓመት እኛ ረቡዕ ዕለት «ዛሬ ሞላት» ስንል፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው አክስቷ የደወለችው በማግስቱ፣ በኖቬምበር 20 ነው። ድግሱ ደግሞ ቅዳሜ። ሕፃኗ በአንድ ሳምንት ሦስት ልደት አገኘች፤ ቅር አላላትም። ሁለቱ ቀኖች የተገናኙት በ2016 ነበር፤ እንደገና የሚገናኙት በ2020፣ ስምንት ዓመት ሲሞላት ነው። ይህ የአንድ ቀን ሽግሽግ የሚመለከተው ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ የካቲት 21 ገደማ የሚወለዱትን ነው።

በድግስ ላይ ሲሆን ያስቃል፤ በወረቀት ላይ ሲሆን አያስቅም። ልጅቷ ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ስትል የክትባት ካርዷ ኅዳር 10፣ የልደት ምስክር ወረቀቷ ኅዳር 11 ይል ነበር። አንድ ጽሕፈት ቤት የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ሲመልስ የልደቷን ዓመት ሳያይ በመደበኛው ሠንጠረዥ ስለሄደ ነው። ለዚህች አንድ ቀን ወንድሜ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። እርሱ አቅምም ጊዜም ነበረው፤ የሌለውስ?

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከኬክ የሚያልፈው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ለወደፊት ተላለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በተግባር የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በሁለቱ ሕጎች መካከል ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አለፈ፤ በእነዚያ ዓመታት የተወለደው ሁሉ ዕድሜው በእናቱ ትውስታ ላይ ቆመ። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዕድሜዎች በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ መከማቸታቸው የዚሁ ውጤት ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ ነገር ግን አንዲት ልጅ ገና 14 መሆኗን በምን ታስረዳለች? መልኳን አይቶ «ደርሳለች» ለሚል ሽማግሌ የልደት ኬክ ፎቶግራፍ መልስ አይሆንም። ከተሜው ቤተሰብ ለድግስ የሚያወጣውን ያህል ልብ ለምስክር ወረቀቱ ቢሰጥ ብዬ የምመኘው ለዚህ ነው።

ስለ ትምህርት ቤት ድግስ አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ኬክ የሚያመጣ ወላጅ ላለው ልጅ የሚዘመርበት፣ ለሌለው ልጅ ግን ዝም የሚባልበት ክፍል ነውር ይመስለኛል። የወሩን ልጆች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳቦ ማክበር ይቻላል፤ የግንቦት ልደታ ደጅ ይህን ከጥንት ያውቀዋል።

ለመስክ ጥናት ለምትወጡ ተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። አንድን አረጋዊ «መቼ ተወለዱ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የተጠጋጋ ቁጥር ይሰጧችኋል። «በማን በዓል አካባቢ? ያን ጊዜ በአገሩ ምን ሆኖ ነበር? ከእርስዎ ጋር የተወለደ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የአካባቢውን ክስተቶች አስቀድማችሁ በዓመት በዓመት መዝግባችሁ ያዙ። በዚህ መንገድ እናቴን ጠይቄ ዓመቱን ከአምስት ወደ ሁለት አማራጭ አጥብቤዋለሁ፤ 1936 ወይም 1937 ነው። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጇ ቅዳሜ ማታ «ያንቺ ልደት መቼ ነው?» ብላ ስትጠይቃት «የሥላሴ ማግስት» አለቻት፤ ልጅቷም ከወዲሁ ስንት ሻማ እንደሚያስፈልግ ትጠይቀኝ ጀመር።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።