ሲጋራ ካቆሙ በኋላ ስለሚመጣ ውፍረት

ሲጋራ ያቆሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ቅሬታ ያሰማሉ፤ «ማጨስ ስተው ቦርጭ አወጣሁ» ይላሉ። ይህንኑ ሰበብ አድርገው ወደ ሲጋራው የሚመለሱም አሉ። ቅሬታው እውነትነት አለው፤ መመለሱ ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

ሲጋራ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። በትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሰውነትም ተቀምጦ እንኳ ብዙ ኃይል እንዲያቃጥል ያደርጋል። ኒኮቲን ሲቀር ርሃቡ ይመለሳል፣ ምግብም ይጣፍጣል።

በእኛ ዘንድ «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ማለት ሙገሳ ነው። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ግን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያውካል። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሲጋራ አቁመው ክብደት በጨመሩ ሰዎች ላይ በስኳር በሽታ የመያዝ አደጋ ካቆሙ ከ5 እስከ 7 ዓመት ድረስ ከፍ ብሎ ከዚያ ይቀንሳል። ሆኖም የወፈሩትም ሳይቀሩ ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ በልብ ሕመም የመሞት አደጋቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ማጨስ ራሱም ለስኳር በሽታ ያጋልጣል።

በጅቡቲ ከተማ ነገሩን የሚያከብደው በርጫው ነው። ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ ጫት ሲገባ ሲጋራው፣ ሻዩና ለስላሳው አብረው ይቀርባሉ። ሲጋራውን ትቶ በርጫውን ያልተወ ሰው እጁን ወደ ሻዩ ይሰዳል። በአንድ ብርጭቆ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር፣ 5 ብርጭቆ 60 ግራም ያህል ይሆናል። አንድ ጣሳ ኮካ ደግሞ 35 ግራም ገደማ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን የሚመክረው ከ50 ግራም በታች ነው! በዚያ ላይ ጫቱ ምሳን ያስዘልልና ምርቃናው ሲበርድ ሌሊት ያስበላል።

ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከበርጫ መራቅ ይበጃል። ሻዩን በሄልና በቀረፋ አፍልቶ ስኳሩን በየሳምንቱ መቀነስ ይቻላል። ከዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ ወጥ ሲሠራ በማንኪያ ለክቶ ማፍሰስ ጥሩ ነው። ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ በእግር መሄድም ይረዳል። ሲጋራ ባቆሙበት ሳምንት ራስን ማስራብ ግን አይመከርም፤ ሰውን ወደ ሲጋራው ይመልሳል።

በዚህ ሙቀት ውሃ የማይጠማው የለም። ብዙ የሚያልበው ሰው ሽንቱ ማነስ ሲገባው ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሳው ከሆነና ሳይፈልግ ከከሳ፣ ሳይዘገይ ይመርመር። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱም ሲጋራ ስታቆሙ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ስኳሩ ለጊዜው ሊለዋወጥ ይችላል። የጾም ስኳር ምርመራ ጠዋት ምንም ሳይበሉ ይደረጋል፤ ውሃ መጠጣት ይቻላል፣ ሻይ ግን አይፈቀድም።