ተረትና እውነታ፦ የሐበሻ ውሻና የፈረንጅ አዳኝ ውሻ

በቆሎው እሸት ሲይዝ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው ገበሬ ዕረፍት የለውም። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት ከርከሮና ጃርት ማሳውን ይወርሩታል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚያድረውን ጠባቂ ቀድሞ የሚያነቃው ውሻው ነው። ይሁን እንጂ ውለታው ብዙ የሆነው ይህ ውሻ ይናቃል፤ የፈረንጁ አዳኝ ውሻ ደግሞ በማያውቀው ሙያ ይወደሳል።

ተረት፦ «የሐበሻ ውሻ ዘር የለውም፤ ዲቃላ ነው።»

እውነታ፦ የገጠር ውሻችን ከፈረንጅ ዝርያዎች የተረፈ ቅልቅል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት በግብፅ፣ በኡጋንዳና በናሚቢያ ያሉ የመንደር ውሾችን መርምሮ፣ በአብዛኞቹ አካባቢዎች ያሉት በዋናነት የአፍሪካ ነባር ውሾች መሆናቸውን አሳይቷል። ዘር እየመዘገበ ዝርያ የሚለየው የእንግሊዝ የውሻ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። የመንደር ውሻ ግን ከዚያ በፊት በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ጋር ኖሯል። የሁሉም ውሻ የጥንት አባት ግራጫው ተኩላ ነው።

ተረት፦ «የፈረንጅ ውሻ ንጹሕ ዘር ነው።»

እውነታ፦ ዝነኛው ጎልደን ሪትሪቨር ራሱ ታስቦበት የተዳቀለ ነው። ሎርድ ትዊድማውዝ በስኮትላንድ ርስታቸው እ.ኤ.አ. በ1868 ቢጫ ሪትሪቨርን ከውኃ ስፓኒየል አዳቅለው ያገኙት ነው። ፈረንጆቹም ቢሆኑ «ከሩሲያ ሰርከስ የተገዛ ነው» የሚል ተረት ሲያወሩ ኖረው፣ የሎርዱ የእርባታ መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1952 ሲታተም ተረቱ ውድቅ ሆኗል። ከሌላ ዘር ጋር ሳያዳቅሉ በተዘጋ መዝገብ ውስጥ ማርባትም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከአራት ላብራዶር ሪትሪቨሮች አንዱ ገደማ በልቶ እንዳይጠግብ የሚያደርግ የዘረመል ጉድለት እንዳለው ደርሰውበታል።

ተረት፦ «አዳኝ ውሻ ነካሽ ስለሆነ ግቢ ይጠብቃል።»

እውነታ፦ አደን ሁሉ አንድ አይደለም። ለጠመንጃ አደን የተረቡት ውሾች ሥራቸው መንከስ አይደለም። ፖይንተር ቆቅ የተደበቀችበትን ሲያሸት ቀጥ ብሎ ቆሞ ያመለክታል፤ ስፓኒየል ከቁጥቋጦ ውስጥ ያስነሣታል፤ ሪትሪቨር ተመትታ የወደቀችውን ሥጋዋን ሳይጨፈልቅ በአፉ ይዞ ለጌታው ያመጣል። ተኩስ የሚያስደነግጠው፣ ያገኘውን የሚዘነጥል ወይም አጠገቡ ያለውን ሰው የሚነክስ ውሻ ለዚህ ሥራ ስለማይሆን ለዘር አይመረጥም ነበር። ስለዚህ ላብራዶር ገዝቶ ለዘበኝነት ያሠረ ሰው ብዙ ጊዜ ሌባውን ጭራውን እየቆላ የሚቀበል ውሻ ነው የሚያገኘው።

የእኛ የገበሬ ውሻ ደግሞ ድምፅ ሰምቶ በመጮህና በማባረር ነው የተካነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ ስለተከለከለ ለማሳ ጥበቃ የሚፈለገውም ይኸው ነው፤ መያዝና መግደል አይደለም።

ተረት፦ «ጆሮው ተቆርጦ ጨለማ ቤት ከታሠረ ኃይለኛ ይሆናል።»

እውነታ፦ የጆሮ መቆረጥ ቁስልና ሕመም እንጂ ጠባይ አይሰጥም። የቡችላ ጠባይ በእጅጉ የሚቀረጸው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ሰውን፣ ሕፃናትን፣ ከብትንና ጫጫታን የለመደ ውሻ ሲያድግ ዘመድን ከባዳ ይለያል። ከሰው ተለይቶ በሰንሰለት ያደገው ብዙ ጊዜ ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ ውሻ ደግሞ ያገኘውን ሊነክስ ይችላል፤ የቤቱን ልጅም ጭምር።

ተረት፦ «ውሻ የሚያብደው በፀሐይ፣ በረሃብና በጥማት ነው።»

እውነታ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ከታመመ እንስሳ በንክሻና በምራቅ በሚተላለፍ ቫይረስ የሚመጣ ነው። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝበት ንክሻ 99 ከመቶ ያህሉ የውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ይሂድ። የሥር መድኃኒትም ሆነ ጸበል የክትባቱን ሰዓት ሊሻማ አይገባም።

እንግዲህ ውሻ ስትመርጡ ከመልኩና ከዋጋው በፊት የምታሠሩትን ሥራ አስቡ። ማሳና በረት ለሚጠብቅ ሰው እዚሁ የተወለደው ውሻ ከበቂ በላይ ነው። በቡችላነቱ ከሰው ጋር አላምዱት፤ ጆሮውን ተዉለት፤ በየዓመቱም አስከትቡት።