ፊልትሮ ያልተሠራለት ሞተር

የድሮ ቮልስ ያለው ሰው ዘይት ሲያስቀይር ፊልትሮ አይገዛም፤ ሞተሩ የለውማ። መካኒኩ ከሞተሩ ሆድ ሥር ያለችውን ክብ ሳህን ይፈታል፣ የሽቦ ወንፊቷን በቤንዚን ያጥባል፣ ጋስኬቷን ቀይሮ ይመልሳታል። በቃ። በ1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስም ከዚህ የተለየ ማጣሪያ አልነበራትም።

ወንፊቷ የምትይዘው በዓይን የሚታየውን ፍርፋሪ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ግን የማይታየው ነው። ዋናው ዘንግ (ኮሎው) በብሮንዚኖቹ ውስጥ ሲሽከረከር ብረት ከብረት አይነካካም፤ በመካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን አለ። ደቃቅ ብናኝ እዚያ ሲገባ ለስላሳውን የብሮንዚን ፊት ይቧጭራል፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ እንደልቡ ያመልጣል። ሞተሩ ሲግል ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ የሆነው ቤቱ ከብረቱ ኮሎ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ግፊቱ ጭራሽ ይወርዳል። ትራፊክ መብራት ላይ የቆመ ቮልስ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ያኔ ነው። ዘይቱ ራሱ 2.5 ሊትር ብቻ ሆኖ፣ ራዲያተር በሌለው ሞተር ውስጥ ሙቀት የመሸከም ሥራም አለበት።

ፋብሪካው ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ የዘይት መተላለፊያዎቹን አሰፋ፣ ሁለተኛ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ጨመረ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይጋርድ የነበረውን የዘይት ማቀዝቀዣም ከመንገዱ ዞር አደረገው። ፊልትሮ ግን አልጨመረም።

ስለዚህ ባለቤቶቹ ራሳቸው ጨመሩ። የዘይት ፖምፓው ክዳን መውጫ ባለው ክዳን ይቀየራል፤ የድሮው መውጫ ይደፈናል። ዘይቱ በቱቦ ወጥቶ፣ እንደማንኛውም መኪና በሚጠመዘዝ ፊልትሮ አልፎ፣ ወደ ዋናው መተላለፊያ በተበሳ ቀዳዳ ይመለሳል። ብሮንዚኖቹ ጋ የሚደርሰው ተጣርቶ ነው። ቀዳዳው የሚበሳው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ሳለ ነው፤ የመሰርሰሪያው ፍቅፋቂ ውስጥ ከቀረ የተፈራውን ጉዳት ራሱ ያመጣል። በቱቦው ላይም መቆጠብ አይገባም፤ ከፈነዳ ሞተሩ በአፍታ ባዶ ይቀራል።

አንዳንዱ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትልቅ ፖምፓ መግጠም ይቀለዋል። ያረጀ ብሮንዚን ላይ ይህ በሽታውን መሸፈን ነው። ይልቅ የነበረውን ፖምፓ ከፍቶ ክዳኑን በጣት መዳሰስ ይሻላል፤ ጥርሶቹ ክብ ጭረት ከቆፈሩበት፣ መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ እስኪሆን ይታሻል።

ቮልስ ፊልትሮውን ከፋብሪካ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ምርቱም እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው፣ ፑዌብላ ከተማ፣ ቆመ።