144,000፦ ቁጥሩ ምን ይላል? ምንስ አይልም?

የተወደዳችሁ አገልጋዮች፣ የዮሐንስ ራእይን ስታስተምሩ “ቁጥሩ ሞልቶ ይሆን? እኔስ እገባ ይሆን?” የሚል ጥያቄ ሊገጥማችሁ ይችላል። ጠያቂው ስለ ሒሳብ አይደለም የሚያስበው፤ ስለ መዳኑ ሠግቷል። መልስ ከመስጠታችን በፊት እስቲ ቁጥሩን ራሱን እንመርምር።

144,000 የሚገኘው 2ን ሰባት ጊዜ፣ 3ን ሁለት ጊዜ፣ 5ን ሦስት ጊዜ ወስደን ሁሉንም ስናባዛ ነው። ስለዚህ ያለ ቀሪ የሚያካፍሉት ቁጥሮች 96 ናቸው። ይህ ለሰባኪ ማስጠንቀቂያ ነው። በ40 ብናካፍለው 3,600፣ በ50 ብናካፍለው 2,880 ይሰጠናል፤ ከእያንዳንዱም “ምሥጢር” ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ቀላል ነው። በአንጻሩ የራእይ መጽሐፍ ደጋግሞ የሚጠቀምበት 7 ያለ ቀሪ አያካፍለውም። እንግዲህ የትኛው ስሌት ትርጉም እንዳለው የሚወስነው የምንባቡ ዐውድ እንጂ የእኛ ብልሃት አይደለም።

ምንባቡ የሚሰጠን ስሌት ግልጽ ነው፦ 12 ነገዶች፣ ከየነገዱ 12,000 (ራእ. 7፥4-8)። በዘኍልቍ 1 ቆጠራ ይሁዳ 74,600፣ ምናሴ 32,200 ነበሩ፤ እዚህ ግን ትልቅና ትንሽ ነገድ የለም፣ ሁሉም እኩል ነው። በዘኍልቍ 31 ለጦርነት የተሰለፉት ከየነገዱ 1,000፣ በድምሩ 12,000 ናቸው፤ የዮሐንስ ቁጥር የዚያ 12 እጥፍ ነው። በራእይ 21 ደግሞ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም 12 ደጆች የነገዶችን፣ 12 መሠረቶቿ የሐዋርያትን ስም ይዘዋል፤ የቅጥሩም ልክ 144 ክንድ ነው። 12 በ12 ሲባዛ 144፣ ያም በ1,000 ሲባዛ 144,000 ይሆናል። ይህ የተሟላና የተደራጀ ሕዝብ ሥዕል ነው።

የይሖዋ ምስክሮች ቁጥሩን ቃል በቃል ወስደው ወደ ሰማይ የሚሄዱት ይህን ያህል ብቻ ናቸው ይላሉ። ከወንጌላውያን መምህራንም እነዚህን በመጨረሻው ዘመን የሚታተሙ እስራኤላውያን አድርገው የሚረዱ አሉ። የትኛውንም አተረጓጐም ብንይዝ ግን ቁጥር 9ን ዘለን ማለፍ አንችልም። ዮሐንስ የታተሙትን ቁጥር ሰማ፤ ቀጥሎ ያየው ግን ማንም ሊቈጥረው የማይችል፣ ከሕዝብ ሁሉ የተውጣጣ ሰው በዙፋኑ ፊት ቆሞ ነው። በምዕራፍ 5 ስለ አንበሳው ሰምቶ በጉን እንዳየ ልብ በሉ።

ስለዚህ ያ የሠጋ ምእመን ሲጠይቃችሁ ካልኩሌተር አታውጡ። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አንብቡለት። እግዚአብሔር የራሱን ሰዎች አንድ ሳያጎድል ቈጥሮ ያውቃቸዋል፤ እኛ ግን ቈጥረን አንጨርሳቸውም። የሰማይን በር የሚከፍተውና የሚዘጋው በጉ ነው እንጂ ቁጥር አይደለም።