ገብስና 38 ትሪሊዮን ተመጋቢዎቹ

1 ሺህ ፍሬ ገብስ ሲመዘን 40 ግራም ገደማ ነው። 1 ኪሎ ገብስ እንግዲህ 25 ሺህ ፍሬ፣ 1 ኩንታል ደግሞ 2.5 ሚሊዮን ፍሬ ይሆናል። ጤፍ ላይ ሲደረስ ቁጥሩ ያሻቅባል። 1 ሺህ ፍሬዋ የግራም ሲሶ ያህል ብቻ ስለሚመዝን በ1 ኪሎ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ። ይህን ያህል ደቃቅ እህል ቆዳውን መግፈፍ ስለማይቻል ጤፍ የምትፈጨው ከነሽፋኗ ነው። የጤፍ እንጀራ የሚበላ ሁሉ፣ አሰበውም አላሰበው፣ ምንም ያልተጣለለት ሙሉ እህል ይበላል።

መርሐቤቴ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ጤፍና ማሽላ ይዘራል። መንዝና ግሼ ደጋው ላይ ግን ዋናው እህል ገብስ ነው። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ይላል፤ በዙሪያው ባለው ውርጫም ማሳ ጤፍ አይሞከርም። ገብሱ ቆሎ ይሆናል፣ በሶ ይሆናል፣ ቅንጬ፣ ገንፎ፣ እንጀራና ጠላ ይሆናል። በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ ከ15 ሺህ በላይ የገብስ ናሙናዎች ተቀምጠዋል። ከአገሩ የገብስ ዓይነቶች አንዱ ሰነፍ ገብስ ነው፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ሙቀጫ ላይ ብዙ አያደክምም።

ገብስ ሲፈተግ የሚወገደው የማይበላው የውጭ ገለባ ነው። በተረፈው ፍሬ በ100 ግራም ውስጥ 17 ግራም ያህል አሰር ወይም ፋይበር ይቀራል። ከዚህም ውስጥ ከ4 እስከ 6 ግራሙ ብዙውን ጊዜ ቤታ ግሉካን የሚባለው ነው። ቤታ ግሉካን በፍሬው ቆዳ ላይ ብቻ የሚገኝ ስላልሆነ ሙቀጫው አያጠፋውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2011 ጉዳዩን መርምረው ከገብስ በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ማግኘት የደም ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስ ተቀብለዋል። 150 ግራም የገብስ ዱቄት የዚህን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣል።

የተበላው ገብስ የሚጓዝበት መንገድ ረጅም ነው። በሕይወት ባለ አዋቂ ሰው ቀጭኑ አንጀት ከ3 እስከ 5 ሜትር፣ ወፍራሙ 1.5 ሜትር ያህል ይረዝማል። የውስጡ ገጽ እጥፋቱ ሁሉ ቢዘረጋ 32 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቤታ ግሉካን ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ይወፍራል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። የሐሞት አሲድንም ይዞ ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል።

የሰው አካል ቤታ ግሉካንን የሚሰባብር ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ሳይፈጭ ወፍራሙ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ የሚጠብቁት ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ስሌት በአንድ ሰው አካል ውስጥ 38 ትሪሊዮን ያህል ባክቴሪያ ይኖራል፤ አብዛኛው በወፍራሙ አንጀት ነው። ሁሉም ተደምረው ክብደታቸው 200 ግራም ገደማ ነው። እያንዳንዱ የሚሊ ሜትር 1 ሺህኛ ቢረዝምና ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፉ 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሞላሉ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ አውቶቡስ ይህን ያህል መንገድ ለመሸፈን 146 ጊዜ ደርሶ መልስ መሄድ ይኖርበታል።

ባክቴሪያዎቹ አሰሩን አብላልተው ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሠራሉ። የወፍራሙ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል 70 ከመቶ ያህሉን የሚያገኙት ከዚህ አሲድ ነው። የአንጀት ሽፋን በየ3 እስከ 5 ቀኑ እየታደሰ ስለሚሄድ ቀለቡ ሊቋረጥበት አይገባም።

ለውጡ ለመታየት ብዙ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የስዊድን ጥናት ለ39 ጤነኞች ለ3 ቀን ከገብስ ፍሬ የተጋገረ ዳቦ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ነጭ የስንዴ ዳቦ አበላ። ከገብሱ በኋላ በርካቶቹ የደም ስኳራቸውን በተሻለ ሁኔታ ተቆጣጠሩ፤ በእነዚህም አንጀት ፕሪቮቴላ የተባለው ባክቴሪያ በዝቶ ተገኘ። ሰፊው ሥዕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ ወጥቷል። 185 የክትትል ጥናቶችና 58 ሙከራዎች ተደምረው ተተነተኑ፤ ክትትሉ ወደ 135 ሚሊዮን የሰው ዓመት ይጠጋል። አሰር በብዛት የሚመገቡት በትንሹ ከሚመገቡት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ፣ በዓይነት 2 ስኳርና በወፍራም አንጀት ካንሰር የመያዝ ወይም የመሞት ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 ከመቶ ዝቅ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ይመክራል።

አሁን ወደ ፉርኖ ዱቄት። 1 ኩንታል ስንዴ ፋብሪካ ሲገባ 75 ኪሎ ያህሉ ነጭ ዱቄት፣ 25 ኪሎ ያህሉ ፉርሽካ ሆኖ ይወጣል። በኩንታሉ ውስጥ ከነበረው 12 ኪሎ ገደማ አሰር 10 ኪሎው ከፉርሽካው ጋር ለከብት ይሄዳል። ይህ የአንድን ሰው የ400 ቀን ድርሻ ይሸፍን ነበር። ከብቱ መብላቱ አይከፋም፤ ሰው መነፈጉ ግን ያሳዝናል።

የቀኑን 25 ግራም አሰር ለማግኘት 150 ግራም የገብስ ዱቄት ይበቃል። ከፉርኖ ዱቄት ይገኝ ከተባለ ከ900 ግራም በላይ መብላት ያስፈልጋል። ገብሱን ሸጦ ፉርኖ ዱቄት ሊገዛ ገበያ የሚወጣ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዞ ይውጣ።